የእናቴ እምነት

ለዚህ ትዝታ በእጄ ያለው የጽሑፍ ማስረጃ ብል የበላው አንድ የላቦራቶሪ ደብተር ብቻ ነው፤ ጉዳዩን የሚመለከቱትም ሦስት መስመሮች ናቸው። የቀረው ከታናሽ እኅቴ አንደበትና ከራሴ ትዝታ የመጣ ነው። ከሁለቱ አብልጬ የምጠራጠረው የራሴን ነው። ትናንት ደብተሩን ስገልጠው እርጥብ አፈር ሸተተኝ፤ ከወረቀቱ ይሁን በመስኮቱ ከገባው የመቐለ ዝናብ፣ መለየት አልቻልሁም።

በዚያ ክረምት የፋርማሲ ተማሪ ነበርሁ። ለዕረፍት፣ ዛሬ ቀዳማይ ወያነ ወደሚባለው ሰፈራችን ስመለስ፣ የእናቴ የእግር ቁስል አልሽር ብሏት አገኘሁ። ሐኪሙ የፔኒሲሊን መርፌ አዝዞ፣ «ካልወሰደች እግሯ ይቆረጣል» ብሏል። እርሷ ግን ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን እምነት፣ ያን የተባረከ አፈር፣ ቁስሉ ላይ መነስነስን መርጣለች።

ላግባባት ብዬ መርፌው ከሻጋታ የተገኘ መድኃኒት መሆኑን አስረዳኋት። ስሕተቴ ይህ ነበር።

«ሻጋታ?» ሳቋ እስከ ግቢው በር ተሰማ። «ኣንታ ወደይ፣ አንተ ልጄ፣ በሻጋታ ልታስወጋኝ ነው? የእኔ አፈር ከሻጋታ በምን አንሶ!»

«እንግዲያው አፈርሽ እንደ ሻጋታው መድኃኒት ያበቅል እንደ ሆነ ልየው» አልኋት። ከአፈሩ ቆንጥሬ ወደምለማመድበት ላቦራቶሪ ወሰድሁ፤ ከቁስሏ መግል የተገኘው ባክቴሪያ በተዘራበት የመስታወት ሳህን ላይም ነሰነስሁት። ከቀናት በኋላ፣ በጠዋት ብርሃን ሳየው፣ ኖራ የመሰለ ነጭ ነገር በቅሏል፤ በዙሪያው ባክቴሪያው ሞቶ የሳንቲም ያህል ክብ ስፍራ ጠርቷል። ደብተሬ ስለ ውጤቱ «ጠርቷል» ብቻ ይላል። በአፈሩ ውስጥ መድኃኒት የሚያመነጭ ረቂቅ ሕይወት ነበረ ማለት ነው። ያው አፈር ግን መንጋጋ ቆልፍም ሊያመጣ ይችላል፤ ሁለቱንም ብነግራት የምትሰማው መድኃኒትነቱን ብቻ እንደሚሆን ዐወቅሁ።

በር ላይ ጠበቀችኝ። «እህ? አፈሬ ምን አለ?»

«ምንም፣ አደይ። ምንም አልበቀለበትም።»

«ሕራይ፣ እሺ» አለች ረጋ ብላ። ነጠላዋን አጣፍታ መርፌውን ልትወጋ ወጣች።

ቁስሉ ደረቀ፤ በሁለት እግሯ እየሄደች አረጀች። እውነቱን ልነግራት ብዙ ጊዜ አስቤ ሳልነግራት ዐረፈች።

በቀደም እኅቴን ስጠይቃት፣ እናታችን መርፌውን እየወሰደችም ቢሆን፣ ጠዋት ጠዋት ፋሻዋን ፈታ አፈሩን ትነሰንስበት እንደ ነበር ነገረችኝ። «ምንም የማይበቅልበት ከሆነ ምን ይጎዳኛል?» ትል ነበር አለችኝ። እኅቴ ያኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ሌላ የምጠይቀው ሰውም በሕይወት የለም። ስለዚህ ያልተረጋገጠ ብዬ እተወዋለሁ።