ባለቤት የታጣለት ዳንቴል

ልጅ ሳለሁ ታላቅ እህቴ ዳንቴል ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ክር የምይዝላት እኔ ነበርኩ። ከመያዝ አልፌ መሥሪያውን ኪሮሽ ከእጇ ተቀብዬ መሥራት ጀመርኩ። አባቴ አንድ ቀን ድንገት ገብቶ አየኝ። «ይሄን ልጅ ሴት አታድርጊብኝ» አላት እህቴን። ከዚያ ወዲያ ኪሮሽ ሳልነካ አደግኩ፣ አገባሁ፣ ኮሎራዶ መጣሁ።

እንደገና የጀመርኩት ታክሲ እየነዳሁ፣ ሲጋራ ባቆምኩበት ዓመት ነው። ዴንቨር ኤርፖርት ተራ እስኪደርስ መኪና ውስጥ ብዙ ይጠበቃል። ሌሎቹ ሾፌሮች ካርታ ይጫወታሉ፣ ስለ ፖለቲካ ይከራከራሉ፤ እኔ አጨስ ነበር። ሲጋራው ሲቀር እጄ ሥራ አጣ፤ የመሪውን ቆዳ በጥፍሬ መላጥ ያዝኩ። አንድ ቀን የጫንኳት አሮጊት ከኋላ ሆና ዳንቴል ስትሠራ በመስታወት አየኋትና ጣቶቼ አብረዋት ሲንቀሳቀሱ ተሰማኝ።

ክር ልገዛ ከሰፈራችን ርቄ ሴንቴኒያል የምትባል ከተማ ድረስ ነዳሁ። የምንኖረው ፒዮሪያ ስትሪት አጠገብ ነው፤ እዚያ ሰፈር የረገጥኩበት ሱቅ ሁሉ የሚያውቀኝ አበሻ አይጠፋም። የሴንቴኒያሏ ካሸር በቅን ልቦና «ምን ልትሠራበት ነው?» ስትለኝ ጆሮዬ ጋለ። «ለሚስቴ ነው» አልኳት። ባለቤቴ በሕይወቷ ኪሮሽ ይዛ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ተራ ስጠብቅ ከሰው ራቅ ብዬ፣ አጥሩ ጥግ ፓርክ ማድረግ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሥራዬ ተጣሞ ወጣ፤ ፈታሁት። ሁለተኛውንም ፈታሁት። እጄ ሲፍታታ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ጀመርኩ፣ መሃሉ ላይ ትልቅ አበባ ያለው። አበባውን ከማንም አልቀዳሁትም፣ ከራሴ ያወጣሁት ነው። ያንን አበባ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። ሰው በመኪናው አጠገብ ሲያልፍ ግን ጭኔ ሥር እሸጉጠዋለሁ።

ከሾፌሮቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ፣ «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የስልክ ቻርጀር ሊዋሱኝ መጥተው መስኮቱን አንኳኩ። ክሩ ጣቴ ላይ እንደተጠመጠመ ነው፤ የምደብቅበት ጊዜ አላገኘሁም።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉኝ።

«የልጄ ነው ጋሼ። ተወሳስቦባት እየፈታሁላት ነው።»

ኪሮሹን አዩ፣ ከዚያ ፊቴን አዩ። «በል ፍታላት» ብለው ቻርጀሩን ይዘው ሄዱ። ለማንም አልተናገሩም። ተናግረው ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር «ልጅህ እንዴት ናት?» ሲሉኝ መግቢያ ይጠፋኛል። ዳንቴሉን በፌስታል ጠቅልዬ ትራንክ ውስጥ ከመለዋወጫ ጎማው አጠገብ ወሸቅኩት።

እዚያ ያገኘችው ልጄ ናት። ያኔ ሃይ ስኩል ትማራለች። የገዛነውን አስቤዛ ከመኪናው ስታወርድ ፌስታሉን ከፈተችው።

«ዋው፣ አባዬ! ይሄ የማን ነው?»

«ተሳፋሪ ረስቶት ነው» አልኳት። አፌ ቀደመኝ።

«ሪተርን ማድረግ አለብህ። በእጅ እኮ ነው የተሠራው። ሴትዮዋ በጣም ታዝናለች።»

ሴት ናት ብዬ አልነገርኳትም። እሷ ግን ሴትዮዋን በሐሳቧ ሠራቻት፦ አሮጊት ናት፣ ለልጅ ልጇ ሠርግ ነው የምትሠራው፣ ዓይኗ ስለደከመ እንደገና ልትጀምረው አትችልም። ከሥራ በገባሁ ቁጥር «ተገኘች?» ትለኛለች። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ታክሲው ውስጥ ገብታ «የታክሲው ካምፓኒ ኦፊስ ውሰደኝ» አለችኝ። ወሰድኳት። ዳንቴሉን አጣጥፋ በገዛ እጇ የተረሳ ዕቃ ለምትቀበለው የቢሮ ሠራተኛ ሰጠቻት። ሠራተኛዋ አመስግና ሰው የረሳው ጃንጥላና ጓንት የሞላበት ካርቶን ውስጥ ከተተችው። ልጄ እስክንመለስ ድረስ ደስ እንዳላት ነበር። እኔ መንገዱን ብቻ እያየሁ ነዳሁ።

ባለቤት ያልመጣለት ዕቃ ለድሆች መርጃ እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ልተወው አስቤ ነበር። አልቻልኩም፤ አበባው በዓይኔ ላይ ይመጣል። ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ ሾፌሮች ቁጭ ብለዋል፤ ጋሼም አሉ።

«ያ ነጭ ዳንቴል የእኔ ነው» አልኳት ሠራተኛዋን ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«የተሳፋሪ ነው ብላ ያመጣችው ልጅህ አይደለችም እንዴ?»

«ናት። ግን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

አላመነችኝም። «ደግ ሰው ነህ፣ ግን ባለቤቷ ብትመጣ ምን እላታለሁ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ጋሼ ከተቀመጡበት በአማርኛ «ሠርተህ አሳያታ» አሉኝ።

ኪሮሹ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ዳንቴሉን ከነክሩ ከካርቶኑ እንድታወጣልኝ ጠየቅኳት። ቆሜ ጠርዙ ላይ ካቆምኩበት ቀጠልኩ። የመጀመሪያዋ ቀለበት አመለጠችኝ። ከኋላ አንዱ ሳቁን ሲያፍን ሰማሁት። ቀና ሳልል ሠራሁ። ሴትዮዋ ጥቂት አየችና «በቃ፣ በቃ፣ ያንተ ነው» አለችኝ። ስወጣ የማንንም ፊት አላየሁም።

ያ ሁሉ ግን ቤት ከጠበቀኝ አይበልጥም። ልጄን አስቀምጬ ነገርኳት።

«ሶ፣ ሴትዮዋ የለችም?»

«የለችም።»

«እኔ እኮ ቤተ ክርስቲያን ጸለይኩላት» አለችኝ።

አባቴ ያን ቀን ገብቶ ሲያየኝ እንኳ እንዲህ አላፈርኩም። ዳንቴል መሥራቴ ለእሷ ምኗም አልነበረም፤ አንድ ጊዜም አላነሳችውም። ያስከፋት መዋሸቴ ነው፤ ለጥቂት ቀን ከሥራ ስገባ ተነስታ ወደ ክፍሏ ትሄድ ነበር።

የጠረጴዛ ልብሱን ሳሎን ቁጭ ብዬ፣ መጋረጃው እንደተከፈተ ጨረስኩት። ኤርፖርት ግን እስከ ዛሬ አላወጣሁትም። አንድ እሑድ ልጄ በአጠገቤ ስታልፍ ቆም ብላ አየችና «የአበባው አንድ ጎን ይበልጣል» አለችኝ። አየሁት። እውነቷን ነው። እንደገና ልሠራው ቁጭ ብዬ ፈታሁት።