ቦናያ ዱባና የጸሐፊ ስም የሌለው መጽሐፍ

ቦናያ ዱባን አላደንቅም ብል ውሸት ነው፤ ወድጄ አደንቀዋለሁ ብልም ውሸት ነው። ዕድሜውን ሙሉ በነገሌ ከብት ገበያ ደላላ ነበር። ዛሬ ዓይኑ ደክሞ ግራር ሥር ይቀመጣል፤ ከያቤሎም ሆነ ከፊልቱ የመጣ ነጋዴ እሱን ሳይሰማ አይሄድም። ታሪክ ሊያወራ ሲል መጀመሪያ ምንጩን ይጠራል፦ «ይህን ከአባቴ ከዱባ ሰማሁ፤ እሱም ከአጎቱ ሰማ።» ሰው በዚህ ይወደዋል። እኔን በረንዳዬ ላይ ልብስ ስሰፋ ማን ያየኛል?

እኔ ግን የጻፍኩ ሰው ነኝ። ጎልምሼ ራሴን ፊደል አስተምሬ፣ በ1990 ዓ.ም. «የነገሌ ጉድጓዶች» የሚል የውሃ ጉድጓዶቻችንን የሚተርክ ትንሽ መጽሐፍ አባዝቼ አደልኩ። ስሜን አላሰፈርኩም፤ የከተማው ሰው የማን እጅ እንደሆነ ያጣዋል ብዬ አላሰብኩም።

ባለፈው ዓመት መምህርት ረሆቦት የከተማውን ታሪክ ለተማሪዎቿ ልታዘጋጅ ቦናያን እየቀረጸች ነው አሉኝ። የሚያወራውም የእኔን ጉድጓዶች ነው! መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ ተነሣሁ፤ ሌባውን በሰው ፊት ልይዘው።

ግራሩ ሥር ስደርስ ቦናያ ሰው ከቦት እንዲህ ይላል፦

«ይህ ከአባቴ አይደለም። ልጄ ካነበበችልኝ መጽሐፍ ነው፤ ‹የነገሌ ጉድጓዶች› ይባላል፣ በዘጠና የወጣ። የጻፈው ሰው ስሙን አላስቀመጠም።»

«ታዲያ ማን አለ ብዬ ልጻፍ?» አለች ረሆቦት።

«በሰውየው ቦታ የመጽሐፉን ስም ጻፊ። ባለቤቱ ያልታወቀ በሬ ገበያ ሲገባ በጆሮው ምልክት እንጠራዋለን እንጂ የእኔ ነው አንልም።»

ሰዉ አጨበጨበ። በእኔ መጽሐፍ ለእሱ ተጨበጨበ!

«ባለቤቱ እኔ ነኝ» አልኩ።

«አካም፣ አቶ ወልደሥላሴ! ናጋ?» ብሎ በድምፄ ለይቶ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ። «አንቱ ነዎት? የጠፋ በሬ የእኔ ነው የሚል ምስክር ያመጣል።»

ምስክር ከየት ላምጣ? ብቻዬን ነው የጻፍኩት። ረሆቦት እስክሪብቶዋን ይዛ ታየኛለች።

ቦናያ ሳቀ። «ቆዪ፣ ቆዪ! መጽሐፉ በየገጹ ‹እኔ በዓይኔ እንዳየሁት እንጂ ሌላው እንደሚያወራው አይደለም› ይላል። እንዲህ የሚኮራ ሰው በነገሌ አንድ ብቻ ነው። የጆሮው ምልክት ይኸው! የእሳቸው ነው፣ ጻፊ።»

ሁሉም ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም።

የረሆቦት ጽሑፍ ታትሞ ሲወጣ ስሜን ከነአባቴ አገኘሁት። ከጎኑ ግን በቅንፍ «የጸሐፊው ማንነት ቦናያ ዱባ እንደመሰከሩት» ይላል። ቅንፉን አውጪልኝ አልኳት።

«ምንጭ ነው አባባ፤ አይወጣም» አለችኝ።