የውሃው ልክ

በሬዲዮ ስለ ጤና የሚናገሩትን ሐኪም አይቻቸው አላውቅም። ድምፃቸውን ግን ከሺህ ሰው መካከል እለየው ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ጀንበር ስትጠልቅ ይናገራሉ። ሬዲዮው የእኛ አልነበረም። የእኛው ግቢ ውስጥ የሚኖሩ የአንድ አስተማሪ ነበር፣ እኔ ደግሞ ገብቼ እንዳልሰማ ዓይን አፋር ነኝ። ስለዚህ ከገመድ ላይ ልብስ የማነሳ መስዬ መስኮታቸው ሥር እቆማለሁ። አንድ ቀሚስ ሦስት ጊዜ አነሳና መልሼ አሰጣዋለሁ።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ከገጠር ወደ አዋሳ የመጣሁት የእህቴን ሕፃን ልጅ ልይዝ ነው። የምንኖረው አዲስ ከተማ፣ በአንድ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። እህቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራለች። ባሏ ወደ ሰሜን ዘምቶ ነበር። እናቱ፣ የእህቴ አማት፣ ከእኛ ጋር ይኖራሉ።

ሐኪሙ የሚሉትን ሁሉ አምናለሁ፣ ባመንኩ ቁጥር ደግሞ ፍርሃቴ ይጨምራል። ስለ ዝንብ ሲናገሩ ለሁለት ቀን ምግብ አልወርድልሽ አለኝ። ስለ ጥሬ ዓሣ ከተናገሩ ወዲህ ሐይቁ ዳር ዓሣ በአዋዜ የሚበሉ ሰዎችን ሳይ እነሱን ትቼ እኔን ሆዴን ይቆርጠኝ ጀመር። ስለ ወባ የተናገሩ ዕለት ግቢውን ዞሬ ውሃ ያቆረ ጣሳ ሁሉ ገለበጥኩ። የእህቴ አማት ደጅ ተቀምጠው አዩኝና ለጎረቤቱ ሁሉ እንዲሰማ፣

«ዶክተራችን መጣች! ጣሳችሁን ደብቁ!» አሉ።

ከዚያ በኋላ ስሜ ዶክተር ሆኖ ቀረ።

አንድ ሐሙስ ሐኪሙ ስለ ሕፃናት ተቅማጥ ተናገሩ። ሕፃኑን የሚጎዳው ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃ ስለሆነ መጠጥ መከልከል ትልቅ ስህተት ነው አሉ። ጡትም አይቋረጥም። ከዚያ ውሃ ፈልቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው እንደሚጨመርበት፣ ማንኪያው እንደማይቆለል፣ አፉ ላይ ተስተካክሎ መሰፈር እንዳለበት አስረዱ። ውሃው ስንት መሆን እንዳለበት ሊናገሩ ሲጀምሩ ግን ወደ መናኸሪያ የሚወርድ የጭነት መኪና በአጥሩ ሥር እያጓራ አለፈ። ድምፃቸው ሲመለስ፣ ጨው ከበዛ ሕፃኑን ክፉኛ እንደሚጎዳ እየተናገሩ ነበር። ገብቼ ብጠይቅ ይነግሩኝ ነበር። ቀሚሱን ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የእህቴን ልጅ ተቅማጥ ያዛት። አሥራ አንድ ወሯ ነበር። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ስታለቅስ እንባ የላትም፣ ከንፈሯ ደርቋል። አያቷ ጣታቸውን አፏ ውስጥ ከተው ድዷን ዳበሱና፣

«ግግ ነው» አሉ።

በእኛ አገር ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው ድዱ ውስጥ ያለው ገና ያልወጣ ጥርስ ነው ያሳመመው ይባላል። ግግ የሚሉት እሱን ነው። የሚያወጡ ሴቶች አሉ፣ ድዱን በስለት ቀደው ይነቅሉታል። አያቷ አንዷን አስጠሩ፣ አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ አለች። እህቴ ከፋብሪካ የምትወጣው አሥራ አንድ ሰዓት ነው።

«እስከዚያ ጠብታ እንዳታቀምሻት» አሉኝ። «የምታጠጫትን ሁሉ ስታወጣው እያየሽ አይደል?»

«እማማ፣ ጤና ጣቢያ ብንወስዳት?»

«በዚህ ሰዓት ማን ካርድ ይሰጥሻል? ጠዋት ሄዶ የተሰለፈውም አልደረሰው።»

እሳቸው ደጅ ሲወጡ ውሃ አፍልቼ አቀዘቀዝኩ። ስኳሩን አወጣሁ፣ ጨዉን አወጣሁ፣ ማንኪያውን ይዤ ቆምኩ። በብርጭቆ ነው? በጆግ ነው? በድስት ነው? ውሃው ካነሰ ጨዉ ይበዛና በእጄ እገድላታለሁ። ዝም ካልኩ ደግሞ እያየኋት መድረቋ ነው።

አስተማሪው ጠዋት ፈረቃ ስለሚያስተምሩ ከሰዓት ቤት ይውላሉ። በራቸው ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመለስኩ። በሦስተኛው አንኳኳሁ። ባለቤታቸው ከፈቱልኝ። አስተማሪው የተማሪ ፈተና እያረሙ ነበር። እኔ መሬት መሬት እያየሁ፣

«ጋሼ፣ ሐሙስ ሐሙስ መስኮትዎ ሥር ቆሜ ሬዲዮ እሰማለሁ» አልኩ።

ይህን ለማለት ያለኝን ድፍረት ሁሉ ስለጨረስኩ ሌላው ቃል አልወጣ አለኝ። አስተማሪው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ተነሥተው በሩን ራሳቸው ዘጉት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመስከረም።»

«ማን ነው የላከሽ?»

«ማንም።»

«ምን ምን ሰማሽ?»

እንደ ክፍል ውስጥ የሚፈትኑኝ መሰለኝ። «ስለ ዝንብ፣ ስለ ጥፍር፣ ስለ ጥሬ ዓሣ፣ ስለ ወባ» ብዬ በቅደም ተከተል ተናገርኩ።

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ ድምፁን ትቀንሱታላችሁ።»

ሚስትየው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። የአስተማሪው ግንባር በላብ ረጥቦ ነበር። ከሐኪሙ ንግግር በኋላ የተከለከለ የውጭ ጣቢያ እንደሚከፍቱ ያወቅሁት በጣም ቆይቶ ነው። በዚያን ጊዜ ለዚያ የሚያዝ ሰው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። መስኮት ሥር የሚቆም ሰው ደግሞ ለማን እንደሚቆም የታወቀ ነው። እኔ ግን የተቆጡት ስለ ሬዲዮው ባትሪ ድንጋይ መስሎኝ፣

«ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ድንጋዩ ያለቀው በእኔ ከሆነ...» አልኩና እንባዬ መጣ።

«ኧረ ይቺ ልጅ የያዛት ሌላ ነገር ነው!» አሉ ሚስትየው። «ምን ሆነሽ ነው፣ እናቴ?»

«ውሃው ስንት ነበር?»

«የምን ውሃ?»

«የስኳርና የጨዉ። መኪና አለፈና አልሰማሁትም። ልጅቷ ልትሞት ነው።»

አስተማሪው ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። ብዙ ከሮጠ ሰው የሚወጣ ዓይነት ትንፋሽ ተነፈሱና፣ «አንድ ሊትር» አሉ።

ሊትር አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ቤታችን ውስጥ ግን የቱ ዕቃ ሊትር እንደሚይዝ አላውቅም። ሚስትየው ገባቸው፤ ከአልጋ ሥር ባዶ የቢራ ጠርሙስ አወጡ።

«በዚህ ሦስት። እስከ አንገቱ ሙዪው። ደህና አድርገሽ እጠቢው፣ በፈላ ውሃ። ነገ በጠዋት ደግሞ ጤና ጣቢያ ውሰዷት፣ በዚህ ብቻ እንዳትዘናጉ።»

ሦስት ጠርሙስ ውሃ ድስት ውስጥ ለክቼ በጠበጥኩና በኩባያ ቀዳሁ። ሐኪሙ ከእንባ የበለጠ ጨዋማ እንዳይሆን ብለው ነበር። ቀመስኩት። እንባዬ ገና ከንፈሬ ላይ ስለነበር ማወዳደሩ አላስቸገረኝም። የመጀመሪያውን ማንኪያ ሰጠኋት፣ ሁለተኛውን ሰጠኋት፣ ሦስተኛው ላይ አስመለሳት። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ጠብቁ ተብሏል። ሰዓት የለኝም። እስከ ስድስት መቶ ቆጠርኩና እንደገና ጀመርኩ።

አያቷ ገብተው አዩኝ።

«ምንድን ነው የምታጠጫት?»

«ሐኪሙ ያሉት ነው፣ እማማ። ጨዉ በልክ ነው።»

«የት ነው ያለው ሐኪምሽ? ይምጣና ይያታ! ገደልሽብኝ እኮ! እኔ ሰባት ወልጃለሁ፣ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?»

ከሰባቱ ያደጉት ሦስት እንደሆኑ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በአፍ አይወጣም። ማንኪያውን ግን አላስቀመጥኩም። ያን ጊዜ የግግ አውጪዋ ከደጅ ድምፅ ሰጠች። ገባች። ደግ ፊት ያላት፣ ንጹሕ ነጠላ የለበሰች ሴት ናት። ከመሐረቧ ውስጥ ጫፉ የሾለ ሽቦ አወጣችና፣ «ጭንቅላቷን አጥብቀሽ ያዥልኝ» አለችኝ።

ልጅቷን አቀፍኩ፣ ኩባያውን ያዝኩና በእግሬ የመታሁት ድስት ሲደፋ ሳልቆም ወጥቼ ሮጥኩ። አስተማሪው ቤት ሳላንኳኳ ገባሁ። ሚስትየው ከኋላዬ በሩን ቀረቀሩት።

አያቷ ደርሰው በሩን ይደበድቡ ጀመር። «ልጄን አውጪልኝ! ሰው የለም ወይ በዚህ አገር!»

አስተማሪው በሩን ገርበብ አድርገው፣ «ቀስ ይበሉ እማማ፣ ጥበቃዎቹ ይሰማሉ» እያሉ ይለምኗቸው ነበር። የቀበሌው ጥበቃዎች ጩኸት ሰምተው ቢመጡ በመጀመሪያ የሚገቡት ማን ቤት እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ግን ውጪ አላሉኝም። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳላቸውም።

አንድ ማንኪያ። ቆይቼ አንድ ማንኪያ። አሁን አላስመለሳትም። ከብዙ ቆይታ በኋላ ጭኔ ላይ ሙቀት ተሰማኝ። ተቅማጥ መስሎኝ ክው አልኩ። ሚስትየው ጨርቁን ገልጠው አዩና፣

«ሸናች! እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ።

እህቴ መጥታ የአስተማሪው በር ሲከፈትላት የፋብሪካው የጥጥ ብናኝ ፀጉሯ ላይ ነበር። አያቷ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል እኩል እንናገራለን። የግግ አውጪዋ፣ «ሌላ ቤት አለብኝ፣ ወስኑ» ትላለች። እህቴ አማቷን አየች። ባሏ ጦር ሜዳ ላይ ነው፣ እናቱን አደራ ብሏታል። ልጅቷንም አደራ ብሏታል። እኔን ስታየኝ ዓይኗ ተቆጥቶ ይሁን ፈርቶ አልለየሁትም።

«ሸናች አልሽኝ?»

«አዎ።»

ኩባያውን ተቀበለችኝና ራሷ ቀመሰችው። ቁጭ ብላ ልጇን አቀፈች፣ አንድ ማንኪያ ሰጠቻት፣ ደገመቻት። ኩባያው ውስጥ የቀረው ትንሽ ስለነበር ወዲያው አለቀ። ልጅቷ ባዶውን ኩባያ በሁለት እጇ ይዛ ወደ አፏ ጎተተች፣ ምንም ስታጣበት ጊዜ ጮኸች። በሁለት ቀን ውስጥ እንዲህ ያለ ጩኸት ጮኻ አታውቅም። አያቷ ደፍ ላይ ቆመው ነበር።

«ምን ታስለቅሷታላችሁ? ስጧት እንጂ!» አሉ።

ሌላ ልበጠብጥ ወደ ቤታችን ስሮጥ ከኋላዬ፣ «ጨው እንዳታበዢ!» ብለው ጮኹብኝ።