የጠጣሁት ናሙና

የእስር ክፍሉን መጀመሪያ ሳየው ያየሁት ጣሪያውን ነው፤ ወለሉን ሰው ሞልቶት አይታይም ነበር። ላብና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ አለው። ሾፌሬ ጉልበቱን ሰብስቦ «አባኮ፣ እዚህ» አለኝ፤ በኦሮምኛ አባቴ ማለቱ ነው። በተገኘችው ቦታ እንደ አሮጌ ጃንጥላ ተጣጥፌ ተቀመጥኩ።

የተያዝነው ከቢላ ከተማ ወደ ነቀምቴ ስንመለስ ኬላ ላይ ነው። ጥፋታችን ለምርምሬ በየጠርሙሱ ቀድቼ በፕላስተር ያሸግኩት የፍል ውሃ ናሙና ነበር። ደጋ የሚዘንበውና ቆላ የሚዘንበው ዝናብ በውስጡ የያዘው የከባድና የቀላል ውሃ፣ በሙያችን አይሶቶፕ የምንለው፣ መጠን ይለያያል። ውሃው ከመሬት ሥር ዓመታት ተጉዞ ፈልቶ ሲወጣ ይህን ምልክት ይዞ ስለሚወጣ፣ የየትኛው ተራራ ዝናብ እንደነበር ይታወቃል። ጠርሙሱ ከተከፈተ ግን ቀላሉ ቀድሞ ይተንና ምልክቱ ይበላሻል። ይህን ለመርማሪው ባብራራሁ ቁጥር ጥፋቴ እየከበደ ሄደ። እንደሱ በጥሞና የሰማኝ ተማሪ አላጋጠመኝም።

በማግስቱ መርማሪው ሁለታችንንም አስጠራን።

«ኦቦ፣ ወንዝ ውስጥ የሚጨመር መርዝ ነው ተብሏል። የሾፌሩ ነው ይበሉና ይሂዱ። ዕድሜዎን አይተን ነው።»

«እሱስ?»

«ወደ ሌላ ቦታ ይወሰዳል።»

ወደዚያ ስለተወሰዱት ሰዎች ክፍሉ ውስጥ ሰምቼ ነበር። ሾፌሩ አራስ ሚስት አለችው። ቀና ብሎ አላየኝም።

«የሞላሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «አረፋ እንዳይገባ ውሃው ውስጥ ነክሬ። እሱ ሻይ እንኳ ሲቀዳ ግማሹን መሬት ያጠጣል።»

«እውነቱን ነው» አለ ሾፌሩ።

«መርዝ ካልሆነ ይጠጡታ።»

«ከጠጣሁ ይለቀቃል?»

«እናያለን።»

ከጠርሙሶቹ አንዱን መርማሪው ራሱ መረጠ። የመረጠውም በቂጤ እየተንሸራተትኩ ገደል ወርጄ ያመጣሁትን ነው።

«ብርጭቆ ስጡኝ።»

«ከጠርሙሱ ይጠጡ።»

«ብርጭቆ።»

አፌ ከጠርሙስ ጋር አይተዋወቅም ብል ሚስቴ ትስቅብኛለች። ያን ቀን ግን ብርጭቆ እስኪመጣ እጄን አጣምሬ ጠበቅኩ። ፕላስተሩን በጥፍሬ ላጥኩ፣ ቀዳሁ፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን ውሃ ፊቴን ሳላጨማድድ ጨረስኩት።

ሾፌሩ ሳይመሽ ተለቀቀ። እኔን ለምን እንዳቆዩኝ የነገረኝ የለም። ስወጣ ሌሎቹን ጠርሙሶች እንደታሸጉ መለሱልኝ።

አሁን ካርታዬ ላይ በየፍል ውሃው አጠገብ ዝናቡ የወረደበት ተራራ ተጽፏል። የዚያ የጠጣሁት ቦታ ብቻ ባዶ ነው። ጉልበቴ ገደል መውረድ እምቢ ካለኝ ቆየ። ሾፌሩ ግን «እኔ ወርጄ እሞላለሁ፣ አባኮ፤ እርስዎ ከላይ ሆነው ይሳደቡ» ይለኛል። ክረምቱ ሲወጣ እንሄዳለን።