የአክስቴ እሬት

የአክስቴን አገጭ ያየ ሰው አልነበረም። የአባቴ እህት ናት፤ ሶዶ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራ ነበር። ሙቀት ቢሆን፣ ስብሰባ ቢሆን፣ ነጠላዋን እስከ አፏ ተጠቅልላ ትውላለች። ግማሹ ሰው ኩሩ ናት ይላል፣ ግማሹ ጸሎተኛ። ጸሎተኛ ያሰኛት በየማለዳው ክፍሏን ከውስጥ ቆልፋ መቆየቷ ነው። በዚያ ሰዓት ሰው ከመጣ፣ «ጸሎት ላይ ናት፤ ጥቂት ይጠብቁ» ማለት የእኔ ሥራ ነበር።

ከወላጆቼ ዘንድ፣ ከቦምቤ፣ ዘጠነኛ ክፍል ልማር እሷ ዘንድ የመጣሁት ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እውነቱን ልናገር፣ አልወዳትም ነበር። ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር የተከለችውን እሬት እንኳ እንዳልነካ ትከለክለኛለች። እሬት ለማን ጣፍጦ ነው እንዲህ የምትሰስተው እያልኩ በሆዴ አማታለሁ።

በአሥራ አምስት ዓመቴ በቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ውስጥ ለእሑድ ብቻዬን የምዘምረው ስንኝ ተሰጠኝ። ሐሙስ ልምምድ ላይ አንዷ ልጅ፣ «በዚህ ጢምሽ ከወንዶቹ ረድፍ ብትቆሚ ይሻላል» አለችኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ስመለስ ግን ከሱቅ ምላጭ ገዛሁና ያለ ውኃ፣ ያለ ሳሙና፣ ከአፍንጫዬ በታች ያለውን በደረቁ ላጨሁት። ማቃጠል ሲጀምር ሎሚ ቀባሁበት። ሎሚው እሳት ሲሆንብኝ ደግሞ ቅቤ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኼ ነው። ዓርብ ጠዋት የላይኛው ከንፈሬ ቀልቶ፣ ሽፍ ብሎ፣ አብጦ ነበር።

ብርድ ልብስ ተከናንቤ አሞኛል አልኩ። አክስቴ ገለጥ አድርጋ አየችኝ። ቁጣዋን ስጠብቅ፣

«በደረቁ ነው የላጨሽው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ከዚያስ ምን ቀባሽበት?»

ነገርኳት።

«እኔስ አልኮል ነበር ያፈሰስኩበት» አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ከጓሮ አንድ የእሬት ቅጠል ቆርጣ መጣችና ብርጭቆ ውስጥ አቆመችው። «ቢጫው ውኃ ይውረድ፤ እሱ ቆዳ ይበላል።» እስኪወርድ ድረስ ቅቤውን በለብታ ውኃ አጠበችልኝ፤ ቀዝቃዛ ውኃ የነከረችውን ጨርቅም አደረገችበት። ከዚያ ቅጠሉን ልጣ፣ ውስጡ ያለውን እንደ እንቁላል ነጭ የሚያሟልጭ ነገር በጣቷ ጫፍ ቀባችኝ። ማቃጠሉ ወዲያው ረገብ አለ። እጇ እንዲህ ለስላሳ መሆኑን አላውቅም ነበር።

«ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

የዚያን ቀን ጠዋት ገና «ጸሎቷን» አላደረሰችም ነበር። ተነሥታ በሩን ቆለፈች። ነጠላዋን ፈታች። አገጯና ጉሮሮዋ ላይ ጠጉር በቅሏል፤ አንድ ሁለት ፍሬ አይደለም፣ ጺም ነው። በመሃል በመሃሉ አሮጌ የምላጭ ጠባሳ ይታያል።

«ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ እላጫለሁ» አለች። «ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተልኮልኝ ነበር። የላኩትም ደግ ሰዎች ነበሩ። ባሌ ጠዋት አጠገቤ ሲነቃ ምን ሊያይ ነው ብዬ እምቢ አልኩ። ለማንም እንዳትናገሪ።»

አለቀስኩ። በሆዴ ሳማት የከረምኩት ሁሉ አንገበገበኝ። እሑድ ከከንፈሬ በላይ ቀላ እንዳለ ቆሜ ዘመርኩ። ምስጢሯን ግን ለእናቴ እንኳ አልተነፈስኩም።

ዓመታት አለፉ። ሶዶ በባጃጅ ተሞላች፤ እኔም አግብቼ ወለድኩ። አንድ ቀን አክስቴ ቢሮ ውስጥ ወድቃ ኦቶና ሆስፒታል ገባች። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት፤ አንደበቷም ተያዘ። እኔ አስታማሚዋ ሆኜ አጠገቧ ሰነበትኩ። ከቤቷ ልብስና ነጠላዋን ሳመጣላት እሬቱንም ቆርጬ፣ ምላጭ ጨምሬ ያዝኩ።

ሁለት ቀን ጠያቂ ተከልክሎ በሦስተኛው ተፈቀደ። ኮሪደሩ በመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿና በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሞላ። ድምፃቸውን ስትሰማ አክስቴ በደህናው እጇ አንሶላውን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። ዐይኗ በሩ ላይ ቀረ። እንደዚያ ፈርታ አይቻት አላውቅም።

ወደ በሩ ወጣሁ።

«ጸሎት ላይ ናት፤ ጥቂት ጠብቁ» አልኳቸው።

ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። ተመልሼ መጋረጃውን ጋረድኩ። በለብታ ውኃ አራስኩላት፣ ሳሙና ቀባሁ፣ እሷ ከዚያች ዓርብ በኋላ እንዳስተማረችኝ ጠጉሩ የተኛበትን አቅጣጫ ተከትዬ ላጨኋት። እሷም አገጯን ራሷ ቀና አድርጋ ሰጠችኝ። ቢጫው የወረደለትን እሬት በጣቴ ጫፍ ቀባኋት።

ስጨርስ ነጠላዋን አንሥቼ እስከ አፏ ልጠቀልልላት ስል፣ በደህናው እጇ እጄን ያዘችኝ። ነጠላውን ራሷ እስከ ትከሻዋ አወረደችው። ከዚያ ወደ በሩ አየች፤ ይግቡ ማለቷ ነው።