ከኮረብታው ወዲያ የሚሰማ ሳቅ

ባለቤቴ ድምፁን አውጥቶ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ፈገግ ይላል፤ በጣም ከሳቀ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ በቃ። ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያስተምረው። ሠርግ ቤት ጥግ ይዞ የሚቀመጥ፣ መኪና ሲነዳ ከኋላው ያለው ሰው በጡሩምባ ቢያደነቁረውም የማይቸኩል ሰው ነው። እኔ ሐኪም ነኝ፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ውስጥ የድንገተኛ ክፍል እሠራለሁ። ሰው እየጮኸ ሲገባና ሰው እየጮኸ ሲወጣ ሳይ ስለምውል፣ ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘሁት ዝምታን ነው።

ለዚህ ብለን ከከተማው በስተደቡብ፣ አንድ ግድብ ዳር፣ ትንሽ የእረፍት ቤት ገዛን። ያኔ በመንደሯ የነበሩት ጡረታ የወጡ ነጮችና አሣ አጥማጆች ናቸው። ቀስ በቀስ እንደኛ ቅዳሜ መጥተው እሁድ የሚመለሱ ቤተሰቦች ቤት መሥራት ጀመሩ፤ በሄድን ቁጥር አዲስ ጣሪያ እናያለን። እኛ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። እሱ የተማሪዎቹን ወረቀት ያርማል፣ እኔ ውሃውን አያለሁ። ከዚህ የበለጠ አልፈለግኩም።

ከዚያ ነጋዴው መጣ። ከስልጤ አገር የመጣ፣ ጀፕ በሚባለው የከተማው የአበሾች ገበያ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጥ ሰው ነው። ከኮረብታው ጀርባ ያለውን አሮጌ የእርሻ መሬት ገዝቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ባለአራት ጎማ ሞተሮቹን በባኪው፣ በፒክአፕ መኪናው፣ ጭኖ፣ ጓደኞቹን አስከትሎ ይመጣል። ኳድ ይሏቸዋል። ኮረብታውን ተሻግረው በውሃው ዳር ሲጋልቡ ውሻው ሁሉ ያብዳል፣ የተሰጣው ልብስ አቧራ ይለብሳል፣ ጅግራዎቹ ወዲያና ወዲህ ይበተናሉ። አንድ ቀን የጎረቤቴን የአጥር ሽቦ ጥሰው አለፉ።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጣች መምህርት ነች። የመንደሩን ጉዳይ የምትከታተለው እሷ ነች።

«የአገርሽ ሰዎች ናቸው አሉ፤ አንቺ ብታናግሪያቸው ይሻላል» አለችኝ።

አገሬን ከአቧራው ጋር ማያያዟ ደስ አላለኝም። ግን ንዴቱ የእኔም ስለነበር ባለቤቴን ይዤ ሄድኩ።

ነጋዴው ሄልሜቱን አውልቆ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተቀበለን። ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ነው። ማን እንደሆንን፣ ምን እንደምንሠራ ነገርነው።

«እንኳን ደህና መጡ ዶክተር! ወላሂ፣ አበሻ ጎረቤት እንዳለኝ ባውቅ መጀመሪያ እናንተ ቤት ነበር የምመጣው።»

የመጣሁበትን ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

«ልክ ነዎት» አለ። «ሳምንቱን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ነው የምቀመጠው፣ ዶክተር። ፀሐይ የማየው እዚህ ስመጣ ነው። ትንሽ ያሳብደኛል።» ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረ። «ፕሮፌሰር፣ አንዴ ይሞክሩታ!»

ባለቤቴ እምቢ እስኪል ጠበቅኩ። መነጽሩን አውልቆ ሰጠኝ።

ሁለቱ፣ ሁለት ሞተር ላይ ሆነው፣ ከዳገቱ ወዲያ ተሰወሩ። ጥቂት ቆይቶ ከማዶ ሳቅ ሰማሁ፤ ከሆድ የሚወጣ፣ የሚንከተከት ሳቅ። የማን እንደሆነ አላወቅኩትም። ነጋዴው ነው ብዬ አሰብኩ። ሲመለሱ ግን የሚስቀው ባለቤቴ ነው፤ እንባው በአቧራው ላይ መንገድ አውጥቷል። መነጽሩን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ አየሁት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳው ላይ የምቀመጠው ብቻዬን ሆነ። ቦት ጫማ ገዛ። ለእኔ መልእክት «እሺ» ብቻ ብሎ የሚመልስ ሰው፣ ማታ ማታ ከነጋዴው ጋር ስለ ጎማ በስልክ ሲያወራ ሻዩ ይቀዘቅዝበታል። ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው ሞክሬ ነበር፤ ድካም ነው፣ ጩኸቱ ነው እያልኩ። ቅናት ነው። ሴት ብትሆን ኖሮ ቢያንስ ለጓደኞቼ ምን ብዬ እንደማወራ አውቅ ነበር። ብርድ ልብስ በሚሸጥ ባለትዳር ሰው ቀናሁ ብሎ ለማን ይነገራል?

አንድ ቀን ወደ ከተማ ስንመለስ መኪና ውስጥ ጠየቅኩት።

«ምንድን ነው እንዲያ የሚያስቅህ?»

«እኔ እንጃ። የሚያስቅ ነገር የለውም እኮ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሆዴ ባዶ ይሆናል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይመጣል።»

«ከእኔ ጋር ለምን መጥቶ አያውቅም?»

«ካንቺ ጋር አርፋለሁ» አለ።

ሌላ ሴት ብትሰማው ደስ ይላት ይሆናል። እኔ ግን አልጋም ያሳርፋል ብዬ አሰብኩና ሬዲዮውን ከፈትኩ።

ነጋዴው እሱ ራሱ ቢጠነቀቅም ጓደኞቹ ውሃ ዳር መውረዱን አልተዉም። መንደሩ ጀልባ ማሳደሪያው አጠገብ ባለው አዳራሽ ተሰበሰበ። ጎረቤቴ ስለ አቧራው፣ ስለ ወፎቹ፣ ስለ ሽቦው ተናገረች። አንድ ወጣት አባት ልጆቹ ሞተሮቹን ማየት እንደሚወዱ፣ ሁሉም ሰው የሚዝናናው ዝም ብሎ ተቀምጦ እንዳልሆነ ተናገረ። ከዚያ እኔ ተነሣሁ። ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ድምፄ ግን ለአቧራና ለጅግራ ከሚያስፈልገው በላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስቀመጥ ባለቤቴ ተነሣ። ስብሰባ ላይ ሲናገር አይቼው አላውቅም።

«እኔም ከሚነዱት አንዱ ነኝ» አለ። «ውሃ ዳር አንወርድም። ከኮረብታው ጀርባ ብቻ እንንዳ፣ እሁድ ከቀትር በኋላ ሞተር አይነሣ።»

ነጋዴውም ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ «ሽቦውን እኔ እዘረጋለሁ። እስከ ኮረብታው ድረስ» አለ።

ሁሉም እጁን አወጣ። ጎረቤቴ አቅፋ ሳመችኝ። አሸነፍን አለች።

እውነትም ዝምታው መጣ። ጅግራዎቹ ወደ ሣሩ ተመለሱ። ባለቤቴ ደግሞ የሚቀጥሉትን ቅዳሜዎች ከነጋዴው ጋር አጥር ሲዘረጋ አሳለፈ። ሁለቱ ሽቦውን ሲወጥሩ፣ አንዱ ሲይዝ ሌላው ሲመታ፣ ከበረንዳዬ ይታዩኛል።

አንድ ጠዋት አልቻልኩም። ሱሪ ለብሼ ኮረብታውን ተሻገርኩና «እኔንም አሳፍሩኝ» አልኩ። ነጋዴው ደስ ብሎት የራሱን ሄልሜት አጠለቀልኝ። «ቢስሚላህ ብለው ይቀመጡ፣ ዶክተር።» ከባለቤቴ ኋላ ተቀምጬ ወገቡን ያዝኩ። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሕመምተኛ የጫነ ይመስል ቀስ አድርጎ ነዳ።

«ፍጠን እንጂ!» ብዬ ጮህኩ።

«አትፈሪም?»

«አልፈራም። ከእሱ ጋር እንደምትነዳው ንዳ።»

«አንቺን ይዤማ አይሆንልኝም።»

በፍቅር እንዳለው አውቃለሁ። ቁልቁለቱ ጋ ሲደርስ ፍሬን ያዘና በጎን በኩል ዞሮ ወረደ። አልሳቀም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባለቤቴ ፈተና እያረመ ከተማ ሲቀር፣ ብቻዬን ሄጄ ነጋዴውን አስተምረኝ አልኩት። ታጋሽ አስተማሪ ነው፤ ሰው ለምን እንደሚወደው ያን ቀን ገባኝ፣ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። አንዴ ወድቄ ጭኔ ለሳምንት ጠቁሮ ከረመ። ጎረቤቴ በሄልሜት ስታየኝ ውሃ ማጠጣቷን አቁማ ቆየች፤ ሰላምታ ሳትሰጠኝ ወደ ጽጌረዳዋ ዞረች።

አሁን ሦስታችን አብረን እንወጣለን። ቁልቁለቱን ስወርድ የእኔም ሆድ ባዶ ይሆናል፤ የሚመጣብኝ ግን ሳቅ ሳይሆን እነሱ ጋ የመድረስ ችኮላ ነው። እነሱ ይቀድማሉ፣ አቧራቸውን እኔ እበላለሁ። አጥሩ መጨረሻ ላይ ሞተራቸውን አጥፍተው፣ ፊት ለፊት ዞረው እያወሩ ይጠብቁኛል። ስደርስ ወሬያቸው ይቆማል።

«ደህና ነሽ?» ይለኛል ባለቤቴ።

«ጎበዝ፣ ዶክተር!» ይላል ነጋዴው።

ደህና ነኝ እላለሁ። ሞተራቸውን አስነሥተው እንደገና ይቀድሙኛል።