እትዬ በረኪናና ሃያ አምስቱ ደቂቃ

የኦፕራሲዮን ክፍላችንን የሚያጸዱትን ሴትዮ በትክክለኛ ስማቸው የሚጠራቸው የለም። እኛ ነርሶቹ እትዬ በረኪና እንላቸዋለን፤ ሽታው ሁልጊዜ ቀድሟቸው ይደርሳል። ሃያ ሁለት ዓመት ሲወለውሉ አንድም ሐኪም ሐሳባቸውን ጠይቋቸው አያውቅም። «እስቲ እግርዎን ያንሱልኝ» እንዳሉ ነው ዕድሜያቸውን የገፉት።

ያ በትንፋሽ የሚተላለፈው ቫይረስ ከመጣ ወዲህ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ያለን የኦፕራሲዮን ክፍል አንድ ነው። ቫይረሱ ያለበት ሰው ሆዱ ተከፍቶ፣ ተሰፍቶ ከወጣ በኋላ ክፍሉ ሁለት ጊዜ በበረኪና ይታጠባል፤ ከዚያ አየሩ እስኪጠራ አንድ ሰዓት ተቆልፎ ይቆያል። ቁልፉ የተሰጠው ለእትዬ በረኪና ነው። ስንት የተማረ ሐኪም በር ላይ ቆሞ «እትዬ፣ እንግባ?» ሲላቸው ሰዓታቸውን ያዩና «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ። አቤት ኩራታቸው! እኔንማ ያበሽቁኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትርፍ አንጀቱ የፈነዳበት፣ ቫይረሱም የተገኘበት በሽተኛ ቀደን አወጣን። እትዬ አጥበው ቆለፉ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ወጣት ሴት መጣች። አንጀቷ ተጠማዞ ሆዷ ተወጥሯል፤ ማቃሰት እንኳ አቅቷታል። ተሸክሟት የመጣው ባሏ ብየዳ ሠራተኛ ነው፤ ቱታውን እንኳ አላወለቀም። ሌላው ሆስፒታል በመኪና ሁለት ሰዓት ይርቃል።

ቀዶ ሐኪማችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር ግን አልፈጠረበትም። ለባልየው ምንም ሳይደብቅ ነገረው። የተጠማዘዘ አንጀት ደም ስለማያገኝ በየደቂቃው ይሞታል፤ ክፍሉ ደግሞ ገና አልጠራም። ሚስቱም ቫይረሱ ካለባት ግን መጠበቅ አያስፈልግም፣ ወዲያው ይገባሉ። ናሙናዋ ተወስዷል፤ ውጤቱ በሩብ ሰዓት ይደርሳል።

ሰውየው ሄዶ ላቦራቶሪው መስኮት ሥር ቆመ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብዬ ብሰማ፣ ሚስቱ ቫይረሱ እንዲገኝባት እየለመነ ነው። በዚህ ሥራ ብዙ ጸሎት ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

ውጤቱ መጣ፤ ነጻ ናት። በሌላ ቀን እንኳን ደስ ያለህ የሚያሰኝ ወሬ ነው። እሱ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተዘረፈጠ።

ሃያ አምስት ደቂቃ ይቀራል። ሐኪሙ ወደ እትዬ ሄዶ በእኔ ኃላፊነት ይክፈቱት አላቸው። አልዋሽም፣ እኔም በልቤ ክፈቱት እያልኩ ነበር። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ልጄ» አሉት፣ «ቁልፉን በያዝኩ በሁለተኛው ሳምንት አንድ አስተማሪ አሳዝነውኝ ሰዓቱ ሳይሞላ ከፈትኩላቸው። ሆዳቸው ዳነ። ከዚያ ቫይረሱ ይዟቸው በዘጠነኛው ቀን ሞቱ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ሁለተኛ ግን አልከፍትም።»

ሐኪሙ ወደ ልጅቷ ተመለሰ። ለካ ኩራት የመሰለኝ ፍርሃት ኖሯል።

ከዚያ እትዬ ሄደው ባልየው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጡና ያስጠበቅኳት እኔ ነኝ፣ ሐኪሙን እንዳትቀየም አሉት። ቀና ብሎም አላያቸው። እኛ ልጅቷን ግሉኮስ ሰክተን ስናዘጋጅ እነሱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቆዩ። ሰዓቱ ሲሞላ እትዬ ተነሥተው ከፈቱ።

ሆዷን ስንከፍተው ክንድ የሚያህል አንጀት ጠቁሯል። ያንን ቆርጠን አወጣን፤ የቀረውን ገጠምን። ሐኪሙ ሲጨርስ፣ ቀደም ብለን ብንገባ ምናልባት ይህን ያህል አልቆርጥም ነበር አለ። ምናልባት ነው እንግዲህ፣ ማን ያውቃል? የሆስፒታል ወሬ ግን እግር አለው፤ ከባልየው ጆሮ ደረሰ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ልጅቷ ሳል የላት፣ ትኩሳት የላት፣ በእግሯ ሄዳ ወጣች። ባሏ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጥቶ ሐኪሙን አቀፈ፤ እኛን ነርሶቹን፣ ዘበኛውን ሳይቀር አንድ በአንድ አመሰገነ። መወልወያቸውን ይዘው ጥግ የቆሙትን እትዬ በረኪናን ግን እንዳላየ ሆኖ አለፋቸው። ደሜ ፈላ። ተመለስ ልለው ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ተይው፣ ይቀየመኝ» አሉ። «የአስተማሪው ሚስት እኮ ቶሎ ስለከፈትኩላቸው አቅፋኝ፣ አልቅሳ ነው ያመሰገነችኝ።»